ፕላሷን ማን በላት? የሞባይል አፖችና የድር አድራሻ ጣጣ

አንድ ተጠቃሚ አፕ ላይ ሲመዘገብ ስልኩን በ+251 ጀምሮ ይጽፋል። አፑ ቁጥሩን ሊንክ ውስጥ ከትቶ ለሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ ይመልሰዋል። ዴቨሎፐሩ በራሱ ስልክ ይሞክራል። እሱ በ09 ስለሚጀምር ምንም ችግር አያይም። «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። የሰርቨሩ ሎግ (የደረሰው ጥያቄ ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ሲከፈት ግን ጉዱ ይታያል። ቁጥሩ የደረሰው ያለ ፕላስ ነው። ፕላሷ በነበረችበት ባዶ ቦታ ተቀምጧል።

ሰርቨሩ አልተሳሳተም። ኔትወርኩንም መርገም አያስፈልግም። ጥፋቱ ያለው አፑ አድራሻውን በሠራባት አንዲት የኮድ መስመር ላይ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩ ከአድራሻው ጫፍ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀጥሏል።

ይህን ስህተት ዓለም ሁሉ ይሠራዋል። እኛ ጋ ግን ይብሳል ባይ ነኝ። የኮዳችን ጥራት ከሌላው ስለሚያንስ አይደለም፤ የምንልከው ዳታ ነው ጉዱ። ስማችን በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ማዕረጋችን «ወ/ሮ» እና «ዶ/ር» ነው፤ መሐሉ እዝባር አለበት። ስልካችን በ+ ይጀምራል። የሰዓት ቀጠናችን +03:00 ነው። ቀሪ ሒሳብ የምናየው ኮከብና መሰላል (* እና #) ተጭነን ነው። አድራሻ ውስጥ ሲገባ ጣጣ የሚያመጣ ምልክት ሁሉ በዕለት ኑሯችን ውስጥ አለ። የማስተማሪያ ኮዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞከሩት በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በእሷ ሲሞከር ምንም አይሰበርም።

አድራሻ ውስጥ ማን ምን ይሠራል

የድር አድራሻ ሲታይ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይመስላል። ኮምፒውተር ግን ቆራርጦ ነው የሚያነበው። መጀመሪያ ስኪሙ ይመጣል፤ ኤችቲቲፒኤስ፣ ቴል (ለስልክ) ወይም ሜይልቱ (ለኢሜይል) ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሆስቱ አለ፣ ማለትም የሰርቨሩ ስም። ከዚያ በእዝባር የተከፋፈለው ፓዝ ይከተላል። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ኪዌሪ ነው፤ በ& የተለያዩ፣ በ= የተጣመሩ ስሞችና ዋጋዎች ናቸው። ከ# በኋላ ያለው ፍራግመንት ይባላል። ፍራግመንት ወደ ሰርቨሩ ጭራሽ አይላክም፤ ስልኩ ላይ ይቀራል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ደንቡ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በወጣው አርኤፍሲ 3986 ውስጥ ነው፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ሰነድ ነው። ጸሐፊዎቹ ቲም በርነርስ-ሊ፣ ሮይ ፊልዲንግ እና ላሪ ማሲንተር ናቸው። በደንቡ መሠረት ያለምንም ጥያቄ የትም መግባት የሚችሉት የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና አራት ምልክቶች ብቻ ናቸው፦ ጭረት፣ ነጥብ፣ የታች ሰረዝና ይቺ ~ ሞገድ። እንደ / ? # & = + ያሉት የሥራ ድርሻ አላቸው፣ ወይም ሊኖራቸው ይችላል። ሌላው ሁሉ፣ ባዶ ቦታም ሆነ ግዕዝ፣ ወደ ፐርሰንት ኮድ መቀየር አለበት። ኢንኮድ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው።

አቀያየሩ ቀላል ነው። ምልክቱ መጀመሪያ ወደ ባይት ይለወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ባይት የ% ምልክትና ሁለት የሄክሳ አሃዝ (ከ0 እስከ 9 ወይም ከኤ እስከ ኤፍ) ሆኖ ይጻፋል። ባዶ ቦታ %20 ይሆናል። # ወደ %23፣ & ወደ %26፣ ራሱ % ደግሞ ወደ %25 ይቀየራል።

ግዕዝ ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ያብጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ድሩ ዛሬ በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ቀ» ለምሳሌ 225፣ 137 እና 128 ናት። መነሻው 225 የሁሉም ነው፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው የአማርኛ ፊደል በሙሉ በእሱ ይጀምራል። ሦስቱ ባይቶች ፐርሰንት ሲለብሱ ዘጠኝ ሆሄ ይሆናሉ። «አዲስ አበባ» ባዶ ቦታዋን ጨምሮ 57 ሆሄ ትወጣለች። ከአማርኛ ዊኪፔዲያ ሊንክ ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ያንን የፐርሰንት ጎርፍ ያውቀዋል። ቫይረስ መስሎት የሚሸሽም አለ። ሊንኩ ግን ጤነኛ ነው። እንዲያውም ደንቡን ያከበረው እሱ ነው።

እብጠቱ የራሱ መዘዝ አለው። ጎግል ለካርታ ሊንኮቹ የፈቀደው ርዝመት 2,048 ሆሄ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ደህና ደብዳቤ ይወጣዋል። በአማርኛ 227 ፊደል ነው። አፓቺ ሰርቨር ማንም ቅንብሩን ካልነካው የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር 8,190 ባይት ላይ ይገድበዋል፤ ወደ 900 የአማርኛ ፊደል ማለት ነው። እንግዲህ «አስተያየትዎን ይጻፉ» የሚል ሳጥን ያለው አፕ አለ እንበል። ጽሑፉን በኪዌሪ የሚልክ ከሆነ «ጥሩ ነው» የምትለው ታልፋለች። የተናደደ ደንበኛ በዝርዝር የጻፈው ግን 414 (አድራሻው በጣም ረዘመ) የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል። መነበብ የነበረበት ደግሞ እሱ ነበር። ረጅም ጽሑፍ በፖስት፣ ማለትም አድራሻው ውስጥ ሳይገባ ለብቻው፣ ይላክ። የይለፍ ቃልና ሌላም ሚስጥር እንዲሁ፤ ኪዌሪ የገባ ነገር ሎግ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

አንዲት ፕላስ፣ ሁለት ሕግ

በአርኤፍሲ 3986 ዓይን + ኪዌሪ ውስጥ የተፈቀደች ምልክት ናት። መቀየር ግዴታ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረ ሌላ ልማድ ግን አለ። የኤችቲኤምኤል ፎርም ዳታ ሲልክ ባዶ ቦታን በ+ ይተካል። በዚህ ልማድ እውነተኛዋ ፕላስ የግድ በኮድ መጻፍ አለባት፤ ኮዷ ፐርሰንት፣ ሁለት፣ ቢ ነው። አብዛኞቹ የሰርቨር ፍሬምወርኮች ኪዌሪ የሚያነቡት በዚህ በፎርሙ ልማድ ነው።

አይፎን ላይ «ዩአርኤል ኮምፖነንትስ» የሚባለው የአፕል መሣሪያ ደንቡን ይከተላል። ፕላስ ስታቀብሉት እንዳለች ይተዋታል። ሰርቨሩ በፎርሙ ልማድ ያነባታል፤ ባዶ ቦታ ትሆናለች። ሁለቱም ወገን በየሕጉ ልክ ነው። መሐል ላይ የተጠቃሚው ቁጥር ተበላ። አፕል ይህን ሰነዱ ላይ በግልጽ ጽፎታል፤ ችግሩ ሰነዱን እዚያ ድረስ ወርዶ የሚያነብ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። መውጫው ቀላል ነው። መሣሪያው ኪዌሪውን ከሠራ በኋላ ኢንኮድ የሆነውን ጽሑፍ ወስዶ፣ ውስጡ የቀረችውን + ሁሉ በኮዷ መተካት ይቻላል። ባዶ ቦታዎቹ ያን ጊዜ %20 ሆነዋልና የሚምታታ ነገር የለም።

አንድሮይድ ላይ ነገሩ በተቃራኒ ይመጣል። ከጃቫ የተወረሰው «ዩአርኤል ኢንኮደር» ስሙ ያታልላል። የተሠራው ለፎርም ነው። ባዶ ቦታን + ያደርጋል። ኪዌሪ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ፓዝ ውስጥ ግን + ራሷን + ናት። «አዲስ አበባ»ን የፈለገ አፕ «አዲስ+አበባ የሚባል ከተማ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። የአንድሮይድ የራሱ «ዩአርአይ ኢንኮድ» %20 ነው የሚጽፈው። አንድሮይድ ራሱም ቢሆን ተምታቶበት ያውቃል። ከጄሊ ቢን በፊት በነበሩት እትሞች የኪዌሪ ዋጋ የሚያነበው ፈንክሽኑ ፕላስን ፕላስ ብሎ ይመልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቦታ አድርጎ ይመልሳል።

በፍላተር፣ ለአንድሮይድም ለአይፎንም በአንድ ኮድ አፕ በሚሠራበት መሣሪያ፣ የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚያጋጥማቸው። የፍላተር ቋንቋ የሆነው የዳርት «ኪዌሪ ፓራሜተርስ» ባዶ ቦታን + ያደርጋል። ለዌብ ሰርቨር ይህ ደህና ነው። አፑ በሜይልቱ የኢሜይል ሳጥን ሲከፍት ግን ርዕሱ «የክፍያ+ችግር+አጋጠመኝ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ሜይልቱ የፎርም ልማድ አያውቅማ። «ዩአርኤል ሎንቸር» የተባለው በብዛት የሚሠራበት ፓኬጅ መመሪያው ላይ ይህንን ጠቅሶ ማስተካከያ ፈንክሽን አስቀምጧል። ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባዶ ቦታ ሁልጊዜ %20 ይሁን፤ ፕላስም ሁልጊዜ በኮዷ ትጻፍ። ይህን አጻጻፍ በሁለቱም ሕግ የሚያነብ ሰርቨር አንድ ዓይነት ይረዳዋል። የትኛው ወገን ልክ ነው ብሎ መከራከር ለቡና ሰዓት ይቆይ።

ፕላስ የምትበላው በስልክ ቁጥር ብቻ አይደለም። አንድ አፕ «ከዚህ ሰዓት ወዲህ ያሉትን ክፍያዎች ስጠኝ» ሲል ሰዓቱን ከነቀጠናው፣ መጨረሻው ላይ +03:00 ብሎ ይልካል። ፕላሷ ከጠፋች ሰርቨሩ ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ ቀጠናውን ጥሎ ያነባል። ሁለተኛው ይከፋል። ሦስት ሰዓት የተዛነፈ ሪፖርት ማንም ሳያውቅ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የዋሽንግተን ሰዓት -05:00 ወይም በበጋ -04:00 ነው። ጭረት ደግሞ ነፃ ምልክት ናት። ስለዚህ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ተቀምጦ ለአገር ቤት አፕ የሚሠራ ዴቨሎፐር ሙሉ ቀን ቢሞክረው አይሰበርበትም። አፑ አዲስ አበባ ሲገባ ይሰበራል።

ሦስተኛው ተጠቂ ቶከን ነው፤ ሰርቨሩ ተጠቃሚውን የሚያውቅበት ረጅም የሚስጥር ጽሑፍ ማለት ነው። ብዙ ቶከኖችና ፊርማዎች በቤዝ64፣ ባይትን በተራ ምልክት በሚጽፍ ዘዴ፣ ይጻፋሉ። ቤዝ64 ከሚጠቀምባቸው 64 ምልክቶች መካከል + እና / አሉ። 32 ባይት ርዝመት ያለው የዘፈቀደ ቶከን ቢያንስ አንዲት ፕላስ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ ገደማ ነው። ይኸው ነው «አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም» የሚባለው ባግ። ተጠቃሚው እንደገና ይሞክራል፣ አዲስ ቶከን ይወጣል፣ ይሠራል። «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ በአርኤፍሲ 4648፣ ለአድራሻ የሚሆን የቤዝ64 ዓይነት ተቀምጧል፤ በ+ ፋንታ ጭረት፣ በ/ ፋንታ የታች ሰረዝ ይጠቀማል። እሱን መምረጥ ነው።

ከመቀላቀሉ በፊት

ብዙ ሰው ኢንኮድ ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። መጀመሪያ አድራሻውን ገጣጥሞ ይጨርሳል፤ ከዚያ ሙሉውን በአንድ ፈንክሽን ያሳልፈዋል። ያን ጊዜ ግን ነገሩ አልፏል። ተጠቃሚው «ዳቦ & ኬክ» ብሎ ፈልጎ ከሆነ አድራሻው ውስጥ ሁለት ዓይነት & አሉ፦ አንዱ መለያ፣ ሌላው የተጠቃሚው። ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው። ጨው ወጥ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ለይቶ ማውጣት እንደማይቻል፣ እዚህም መለየት አይቻልም። ፈንክሽኑ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ሰርቨሩ የሚያየው «ዳቦ» የሚል ፍለጋና «ኬክ» የሚባል የማያውቀው ፓራሜትር ነው።

ጃቫስክሪፕት ላይ ይህ ልዩነት በሁለት ፈንክሽኖች ተቀምጧል። «ኢንኮድ ዩአርአይ» ለሙሉ አድራሻ ነው፤ & / ? # + የመሳሰሉትን አይነካም። «ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» ለአንዲት ዋጋ ነው፤ እነዚህን ሁሉ ይቀይራል። ለዋጋ የሚሆነው ሁለተኛው ብቻ ነው። «ኢስኬፕ» የሚባለው የድሮው ፈንክሽንማ ለአማርኛ አይታሰብም። «ቀ»ን ሰጥታችሁት %ዩ1240 የሚል ነገር ይመልሳል፤ ይህ አጻጻፍ ደንቡ ውስጥ የለም። የአፕል ቋንቋ በሆነው ስዊፍት ላይ ወጥመዱ «ዩአርኤል ኪዌሪ አላውድ» የሚለው የምልክት ስብስብ ነው። ስሙ ልክ ይመስላል። ትርጉሙ ግን «ኪዌሪ ውስጥ የተፈቀደ» ነው፤ & እና = ደግሞ ኪዌሪ ውስጥ የተፈቀዱ ናቸው። ስለዚህ ዋጋው ውስጥ ያለውን & እንዳለ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ጽሑፍ ከጽሑፍ ከመቀጠል ይልቅ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው የሚቀበል መሣሪያ መጠቀም ይሻላል። አንድሮይድ ላይ «ዩአርአይ ቢልደር» አለ። ኦኬኤችቲቲፒ የተባለው የኔትወርክ ላይብረሪ የራሱ «ኤችቲቲፒ ዩአርኤል» አለው። አይፎን ላይ «ዩአርኤል ኮምፖነንትስ»፣ ፍላተር ላይ የዳርት «ዩአርአይ» አለ። ሪአክት ኔቲቭ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። አብሮት የሚመጣው የአድራሻ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ጎዶሎ ነበር፤ ብዙ ቡድኖች ከውጭ ፖሊፊል (የጎደለውን የሚሞላ ኮድ) ጨምረው ነው የሠሩት።

መሣሪያ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል። ዴቨሎፐሩ ዋጋውን በእጁ ኢንኮድ ያደርጋል፤ መሣሪያውም በተራው ያደርገዋል። %20 የነበረው %2520 ይሆናል። ሎግ ላይ 25 የሚል ቁጥር ከፐርሰንት ቀጥሎ ካያችሁ፣ ተጠቃሚው ራሱ % ካልጻፈ በቀር፣ ሁለቴ ተጠቅልሏል ማለት ነው። ኦኬኤችቲቲፒና በእሱ ላይ የተሠራው ሬትሮፊት ዋጋው ቀድሞ ኢንኮድ ሆኖ ከመጣ የሚነገርበት የተለየ መንገድ አላቸው። ይህ ግን በአጋጣሚ የሚመረጥ አይደለም። ቡድኑ ውስጥ ማን ኢንኮድ እንደሚያደርግ አንድ ቦታ ላይ መወሰን አለበት።

ስለ አይፎን አንድ ነገር ልጨምር። ከአይኦኤስ 17 በፊት ትክክል ያልሆነ አድራሻ፣ ለምሳሌ ጥሬ አማርኛ ያለበት፣ «ዩአርኤል» ሲሰጠው ባዶ ይመልስ ነበር። የቃለ አጋኖ ምልክት ለጥፎ በግድ የሚከፍት ኮድ እዚያው ይወድቃል። በአይኦኤስ 17 አፕል አነባበቡን ከቆዩት አርኤፍሲዎች ወደ 3986 አዛወረው። በአዲሱ ኤስዲኬ (የአፕ መሥሪያ ጥቅል) ለተሠሩ አፖች ያልተፈቀዱ ምልክቶችን ራሱ ኢንኮድ ያደርጋል። አማርኛው አለፈ፣ አፑም አይወድቅም፣ ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተደሰትኩም። ድሮ አፑ ሲወድቅ ስህተቱ ገና ቢሮ ውስጥ ይታይ ነበር። አሁን አማርኛው ስለሚያልፍ ኮዱ ልክ ይመስላል። & እና + ግን የተፈቀዱ ምልክቶች ናቸውና እንደ ድሮው ሳይነኩ ያልፋሉ። ጥብቁን አነባበብ መልሶ የሚያበራ አማራጭ አለ፤ ቢያንስ በሙከራ ጊዜ ማብራት አይከፋም።

ወ/ሮ፣ ዶ/ር እና ጽ/ቤት

እዝባር የአማርኛ አጻጻፍ ውስጥ የትም አለች። ወ/ሮ፣ መ/ር፣ ት/ቤት፣ ም/ቤት፣ ጽ/ቤት። የደብዳቤ ቁጥርም፣ የመዝገብ ቁጥርም በእዝባር ነው የሚጻፈው። አሁን የመረጃውን መለያ ፓዝ ውስጥ የሚያስገባ አፕ አስቡ። «ደንበኛ/ወ/ሮ አልማዝ» ሲል ሰርቨሩ ሁለት የነበረውን ክፍል ሦስት አድርጎ ያያል፤ «ወ» የምትባል ደንበኛ ይፈልጋል።

መሣሪያዎቹ እዚህ ላይ ይለያያሉ። የኦኬኤችቲቲፒ «አድ ፓዝ ሴግመንት» እዝባሯን ኢንኮድ ያደርጋል። አንዲት «ስ» መጨረሻው ላይ ያላት ወንድሙ ግን መለያ አድርጎ ያያታል። የአንድሮይድ «አፔንድ ፓዝ» ኢንኮድ ያደርጋል። የዳርት «ፓዝ ሴግመንትስ»ም እንዲሁ። በስዊፍት ብዙ ሰው የለመደው «አፔንዲንግ ፓዝ ኮምፖነንት» እዝባሯን መለያ አድርጎ ነው የሚያሳልፋት።

ኢንኮድ ቢደረግም አላለቀም። አፓቺ ቅንብሩ ካልተነካ ፓዝ ውስጥ ኢንኮድ የሆነ እዝባር ሲያይ 404 (አልተገኘም) ብሎ ይመልሳል። ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ነው። ስለዚህ በሰው የተጻፈ ስም ፓዝ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ፓዝ ውስጥ የቁጥር መለያ ይግባ፤ ስሙ ወደ ኪዌሪ ወይም ወደ ፖስት ይሂድ። በነገራችን ላይ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በባይት ደረጃ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህን ኢንኮዲንግ አይፈታውም፤ የሰርቨሩ ፍለጋ ነው ሁለቱን ማስታረቅ ያለበት።

የምትጠፋው መሰላል

ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ፍራግመንት አሁን መጣ። አፕ ውስጥ «በቴሌብር ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ ተጭኖ የስልኩ መደወያ *127# ይዞ እንዲከፈት ተፈለገ እንበል። ዴቨሎፐሩ «ቴል» ካለ በኋላ ኮዱን እንዳለ ይቀጥላል። አንድሮይድ መሰላሏን የፍራግመንት መጀመሪያ አድርጎ ያነባታል። መደወያው ላይ የሚታየው *127 ብቻ ነው። ተጠቃሚው ይደውላል፤ የትም አይደርስም። መሰላሏ %23 ተብላ ብትጻፍ ኖሮ ትደርስ ነበር። የ*804# እና የሌሎቹም አጭር ኮዶች ጉዳይ እንደዚሁ ነው።

አይፎን ላይ ይህ መንገድ አያስተማምንም። በአፕል ሰነድ መሠረት አድራሻው ውስጥ * ወይም # ካለ የስልክ አፑ አይደውልም። አፕል ምክንያቱን ጽፎታል፦ ሰው ሳያውቅ ጥሪው እንዳይዞርበት ወይም የስልኩ ቅንብር እንዳይቀየርበት ነው። ስለዚህ በአይፎን ኮዱን አሳይቶ ኮፒ እንዲደረግ መፍቀድ ይበቃል።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ቦነስ አይረስ ላይ በተካሄደው የኤኮፓርቲ ጉባኤ ተመራማሪው ራቪ ቦርጋኦንካር አንድ ነገር አሳየ። ድረ ገጽ ውስጥ የተደበቀ የቴል ሊንክ በአንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ መደወያውን ይከፍታል። ልዩ ኮዱ ያለ ጥያቄ ይሠራል። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰረዛል። ኮዱ የሚያልቀው በመሰላል ነበር፤ በ%23 ተጽፋ። ሳምሰንግ ማስተካከያ አወጣ።

የደኅንነት ነገር ከተነሳ ሁለት ወጥመዶችን ልጥቀስ። አንደኛው ሁለት ነጥብ ነው። ፓዝ ውስጥ «..» ማለት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለስ ማለት ነው። ነጥብ ነፃ ምልክት ስለሆነች ኢንኮድ ማድረግ አያስቆማትም። ተጠቃሚው የሰጠው ዋጋ ፓዝ ውስጥ ከገባ ይዘቱ ራሱ መፈተሽ አለበት። ሁለተኛው ሆስት ማጣራት ነው። አንድ አፕ «ሊንኩ በባንካችን ስም ከጀመረ ክፈተው» ቢል፣ ሌባ «ባንክ.ኮም@ሌባ.ኮም» ብሎ ይልክለታል። ከ@ በፊት ያለው የተጠቃሚ ስም ነው፤ እውነተኛው ሆስት ሌባው ነው። የጽሑፉን መጀመሪያ ማየት አይበቃም። በመሣሪያ ከፍቶ ሆስቱን ለብቻው ማውጣትና ሙሉ ለሙሉ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን የሚፈትሸውና የሚከፍተው ላይብረሪ አንድ ከሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦሬንጅ ጻይ በሚል ስም የሚታወቀው የታይዋን ተመራማሪ ብላክ ሃት በተባለው የደኅንነት ጉባኤ ላይ እንዳሳየው፣ የተለያዩ ላይብረሪዎች ያንኑ አድራሻ ወደተለያየ ሆስት ይተረጉሙታል።

ፍራንክፈርትና ሪያድ ላይ

አፑ ከአገር ሲወጣ የሚመጣ አንድ ችግር ቀርቷል። የአዲስ አበባ መገኛ በግምት 9.03 እና 38.74 ነው። አንድሮይድ ላይ በ«ስትሪንግ ፎርማት» ወደ ጽሑፍ ሲቀየር የስልኩን ቋንቋ ይከተላል። ስልኩ በጀርመንኛ ከሆነ ነጥቡ ኮማ ይሆናል። የካርታ ሊንክ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች የሚለየው በኮማ ነው። ሁለት ቁጥር የነበረው አራት ሆኖ ይደርሳል። ሳዑዲ ያለ ሰው ስልኩን በአረብኛ ካደረገ አሃዞቹ ራሳቸው የአረብኛ አሃዝ ይሆናሉ፤ ሰርቨሩ ቁጥር መሆናቸውንም ላያውቅ ይችላል። ቀንም እንደዚሁ በሂጅራ አቆጣጠር ሊወጣ ይችላል። ለሰው የሚታይ ጽሑፍ የሰውየውን ቋንቋ ይከተል። ለሰርቨር የሚሄድ ግን ቋሚ ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ይሰጠው። የአንድሮይድ ስቱዲዮ ኮድ ፈታሽ፣ ሊንት፣ ስለዚህ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ብዙ ፕሮጀክት ላይ ማንም የማያየው እሱ ነው።

የሙከራ ዳታ ላይ «ቴስት» ብሎ መጻፍ ይቁም። በምትኩ «ወ/ሮ ሰላም & ልጆቿ + 100% #1?» የሚባል ደንበኛ ይመዝገብ። ስሙ ከአፑ ተነስቶ ዳታቤዝ ደርሶ ሲመለስ አንዲት ምልክት ካልጎደለችበት ኮዱ ደህና ነው። ስልኩ በ+251 ይጀምር፣ የልደት ሰዓቱ +03:00 ይኑረው። ውጤቱ ሲታይ ደግሞ ብራውዘር አይታመን። ክሮም የአድራሻ ሳጥኑ ላይ አማርኛውን አሳምሮ ፈትቶ ስለሚያሳይ ኢንኮድ የሆነና ያልሆነ አድራሻ በዓይን ላይለዩ ይችላሉ። መታየት ያለበት ሰርቨሩ ሎግ ላይ የተቀበለው ጥሬው መስመር ነው።